የእኛ ገና ከዲሴምበር 25 በኋላ መዋሉ ለኪስዎ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ አራት። ባለፈው ዓመት የበዓል ግዢዬ በሙሉ ኦንላይን ነበር። ቅናሽ ነው እያልኩ ከብላክ ፍራይደይ ጀምሬ እስከ ዲሴምበር 20 ስገዛ ቆየሁና ክሬዲት ካርዴ ላይ 1,200 ዶላር አረፈብኝ። ወለዱ 24 በመቶ ነው። በየወሩ 40 ዶላር እከፍላለሁ፣ ግን የሚቀንስ አይመስልም። ዘንድሮም ለልጆቹ ስጦታና ልብስ፣ ለሁላችንም የሐበሻ ልብስ እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ላለችው እናቴም የሆነ ነገር ማድረግ አለብኝ። ኦንላይን ስገዛ ገንዘብ ለመቆጠብ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ከጥያቄዎ አንድ ነገር ወዲያው ዓይኔን ያዘው። ግዢዎ ያለቀው ዲሴምበር 20 ነው። የእኛ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ነው። ከሐበሻ ቤተሰቦች ጋር በጀት ስሠራ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። የራሳችንን በዓል በሌላ ሰው ቀነ ገደብ እንገዛለን። ቀን የጠበበበት ሰው ደግሞ አያማርጥም። ለፈጣን ማድረሻ ይከፍላል። ልኩ ወይም ቀለሙ ባይሆንም ያለውን ያነሣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ኩፖን ወይም ስለ አፕ ሳይሆን ስለ ቀን ነው።

ዲሴምበር 26 የሱቆች ሐሳብ ይለወጣል። የተረፋቸውን የበዓል ዕቃ መጋዘን ውስጥ ማቆየት አይፈልጉም። ሰው ሠራሽ የገና ዛፍ፣ መብራት፣ ጌጣጌጥና የስጦታ መጠቅለያ በግማሽ ዋጋ መገኘት የሚጀምረው ያን ቀን ነው። ቀናት ባለፉ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። የልጆች ጃኬት፣ ሹራብና ቦት ጫማም እንደዚሁ ነው፤ ሱቁ ለጸደይ ልብስ ቦታ ማስለቀቅ አለበት። ሰው ያልወደደውን ስጦታ የሚመልሰውም በዚያው ሳምንት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ የተከፈተ ግን ያልተነካ ዕቃ በቅናሽ በብዛት ይወጣል። ጃንዋሪ ደግሞ የአንሶላ፣ የፎጣና የብርድ ልብስ ወር ነው። ይህ የቆየ ልማድ ነው። ጆን ዋናሜከር የተባለ የፊላደልፊያ ነጋዴ የቀዘቀዘውን የጃንዋሪ ገበያ ለማሟሟቅ በ1878 የአንሶላና የነጭ ጨርቅ ቅናሽ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ለበዓል አዲስ አልጋ ልብስ ማንጠፍ ለምንወድ ለእኛ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

ሁሉም ነገር ግን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ልጅዎ ስሙን ጠርቶ የሚፈልገው አሻንጉሊት ካለ ከዲሴምበር 25 በፊት ሊያልቅ ይችላል። የአሻንጉሊት ጥሩ ቅናሽም በአብዛኛው ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ነው። ላፕቶፕ፣ ታብሌትና የጆሮ ማዳመጫም በብላክ ፍራይደይና በሳይበር መንደይ ሰሞን በእርግጥ ይረክሳሉ። ቴሌቪዥን በዚያ ቢያመልጥዎት ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ከሱፐር ቦውል (ከአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ጨዋታ) በፊት እንደገና ይወርዳል። እኔ ብሆን ዝርዝሬን ለሁለት ነበር የምከፍለው፦ «በኖቬምበር የሚገዛ» እና «ከ26 በኋላ የሚገዛ» ብዬ። ብላክ ፍራይደይ የሚውለው ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን ነው። ዝርዝሩ ጾሙ ሳይገባ ተጽፎ ይለቅ። ዝርዝር የሌለው ሰው በዚያ ሳምንት የሚገዛው ሱቁ ሊሸጥለት የፈለገውን ነው።

እዚህ ላይ ዋጋ ብቻ ያልሆነ ነገር አለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ውለው ሲመጡ የሚያወሩት ስለ ዲሴምበር 25 ነው። ወላጅ ደግሞ ልጄ ከጓደኞቹ እንዳያንስ ብሎ ለዚያኛውም ይገዛል፤ ለእኛም ገና እንደገና ይገዛል። ካርድዎ ላይ ካረፈው 1,200 ዶላር ውስጥ የዚህ ድርሻ ትንሽ እንዳልሆነ እገምታለሁ። እኔ የምመክረው ለዲሴምበር 25 ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትንሽ ነገር ነው። መጽሐፍ ወይም ፒጃማ ይበቃል። ዋናው ስጦታ ለገና ይሁን። ይህንን ግን ዲሴምበር 24 ማታ ሳይሆን ከአሁኑ ይንገሯቸው። የአሥራ አንድ ዓመቷን ልጅዎን ደግሞ ዋጋ ፍለጋው ውስጥ ያስገቧት። ይህ ለቤተሰባችን የተመደበው ነው ብለው ቁጥሩን ያሳዩዋት። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ይገባዋል፤ ሲታመንም ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ቅናሹ እንምጣ። «80 ዶላር የነበረው 39 ዶላር» የሚለውን ሲያዩ የተሰረዘው 80 ዋጋ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው ብለው ይነሡ። በዚህ ጉዳይ ትልልቅ ሻጮች ተቀጥተውበታል። ኦቨርስቶክ የተባለው የኦንላይን ሱቅ የማወዳደሪያ ዋጋውን አጋኖ አሳይቷል ተብሎ በ2014 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት 6.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስኖበታል። አማዞንም በ2017 በተመሳሳይ ጉዳይ ካናዳ ውስጥ 1 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ቅጣት ከፍሏል። ስለዚህ ዕቃው ባለፉት ወራት በእውነት ስንት ይሸጥ እንደነበር ማየት አለብዎት። ለአማዞን ዕቃ ካሜልካሜልካሜልና ኪፓ የሚባሉ ነጻ ገጾች አሉ። የዕቃውን ሊንክ ሲያስገቡ የዋጋውን ውጣ ውረድ በመስመር ያሳዩዎታል። «የዛሬ ብቻ ቅናሽ» የተባለው ነገር በሴፕቴምበርም በዚያው ዋጋ እንደነበረ ሲያዩ ልብዎ ይረጋጋል። ለሌሎች ሱቆች ቀላሉ ዘዴ ስክሪንሾት ነው። የሚፈልጉትን ዕቃ ዋጋ ከአሁኑ ስልክዎ ላይ ያስቀምጡት፤ ብላክ ፍራይደይ ሲመጣ ያወዳድሩ።

ከገዙም በኋላ ዋጋ መከታተልዎን አያቁሙ። ይህን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ታርጌት የገዙት ዕቃ እዚያው ታርጌት ላይ በ14 ቀን ውስጥ ከቀነሰ ልዩነቱን ይመልሳል። ኮስትኮ ይህንን እስከ 30 ቀን ያደርጋል። መጠየቅ ግን አለብዎት፤ ማንም ፈልጎ አይሰጥዎትም። አማዞን ልዩነት አይመልስም። ዕቃው ገና ካልተላከ ግን ትእዛዙን ሰርዘው በአዲሱ ዋጋ ማዘዝ ይችላሉ። ባለፉት ዓመታት አማዞን ከኖቬምበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 የተገዛውን አብዛኛውን ዕቃ እስከ ጃንዋሪ 31 ሲቀበል ቆይቷል። ልጆቹ በገና ዕለት ለክተው ያልሆነውን ለመመለስ ይበቃል ማለት ነው። ብዙ ሱቆች ግን ከኦክቶበር ወይም ከኖቬምበር መጀመሪያ በፊት ለተገዛ ይህንን አያራዝሙም። «ፋይናል ሴል» የተባለ ዕቃም አይመለስም። ሻጩ ማን እንደሆነም ይዩ። አማዞንና ዋልማርት ላይ ከሚሸጠው ብዙው የሌላ ነጋዴ ዕቃ ነው፤ የመመለሻ ደንቡም ሊለይ ይችላል።

ዋጋ ማለት መጨረሻ ላይ ከካርድዎ የሚወጣው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 6 በመቶ ታክስ ይጨመራል። ከዚያ ማድረሻ አለ። አማዞን ላይ ፕራይም የሚባለው የክፍያ አባልነት የሌለው ሰው 35 ዶላር ከሞላ በአብዛኛው ማድረሻ አይከፍልም። 6 ዶላር ማድረሻ ለማዳን ብሎ የማይፈልገውን የ15 ዶላር ዕቃ የሚጨምር ሰው ግን 9 ዶላር ከስሯል። ታርጌት አዝዘው ራስዎ ከሱቅ ሲወስዱ አያስከፍልም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ሩቅ አይደለም። ፕራይም በዓመት 139 ዶላር ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚያዝ ቤተሰብ ይህ አያዋጣም። የምግብ ድጋፍ ካርድ ወይም ሜዲኬይድ ያለው ቤተሰብ ፕራይምን በወር በ6.99 ዶላር ማግኘት ይችላል። ሳያስቡት ተመዝግበው እንደሆነም ይመልከቱ። አማዞን ሰዎችን ያለ ግልጽ ፈቃዳቸው ፕራይም ውስጥ አስገብቷል፣ ለመውጣትም አስቸግሯል ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ በሴፕቴምበር 2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የነጻ ሙከራ ሲጀምሩ የሚያልቅበትን ቀን ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉት።

የሐበሻ ልብሱ ነገር ከሁሉም ይለያል። እዚህ ላይ የሰጠሁት የቀን ምክር ይገለበጣል። ጃኬት ሲዘገይ ይረክሳል። ቀሚስና ነጠላ ግን ሲዘገይ ይወደዳል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስም። ለገናና ለጥምቀት ሽሮ ሜዳ ላይ ያለው ሸማኔና ጠላፊ ሥራ ይበዛበታል። ለአምስት ሰው ተመሳሳይ ጥለት የሚፈልግ ቤተሰብ ቢያንስ ኦክቶበር ላይ ማዘዝ አለበት።

ሌላ አዲስ ነገርም አለ። ድሮ ዋጋው ከ800 ዶላር የማይበልጥ ጥቅል ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ ለሁሉም ሀገር ቀርቷል። ኢትዮጵያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ ሀገሮች ከምትሰጠው የቀረጥ ነጻ ንግድ ዕድል) ውጭ ናት፤ በዚያ በኩል የሚገኝ የቀረጥ ነጻ ዕድል የለም። ስለዚህ በኢንስታግራም ወይም በቴሌግራም ተስማምተው በፖስታ ድርጅት የሚላክልዎ ቀሚስ በር ላይ ሲደርስ የቀረጥ ሂሳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አድራሹ ድርጅት ቀረጡን ከፍሎ ለራሱ አገልግሎትም ይጨምርበታል። 90 ዶላር ተብሎ የተስማሙት ቀሚስ በ90 አይቀርም። ከመክፈልዎ በፊት ሻጯን በጽሑፍ ይጠይቋት፦ ቀረጡን የሚከፍለው ማን ነው? ማድረሻው ዋጋው ውስጥ አለ? መልሷን አያጥፉት። ከዚያ ይህን ጠቅላላ ዋጋ እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካሉት የሐበሻ ልብስ ሱቆች ጋር ያወዳድሩ። ዘንድሮ የሱቁ ዋጋ ተሽሎ ቢያገኙት አይግረምዎት፤ ለክተውም ይወስዳሉ። ከቤተሰብዎ በዚህ ሰሞን ሀገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ካለ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ገዝቶ በሻንጣው ይዞ ቢመጣ ነው።

የሐበሻ ልብስ ሻጮች ብዙ ጊዜ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚልከው በዜል ክፈሉ ይላሉ። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ይህንን አጥብቄ እናገራለሁ። ዜል ግን እንደ ጥሬ ገንዘብ ነው። ራስዎ ፈቅደው ከላኩት በኋላ ዕቃው ባይመጣ ባንክዎ የገዢ ዋስትና የለውም። ፔይፓልም «ለጓደኛና ለቤተሰብ» ተብሎ ሲላክ ያው ነው። «ለዕቃና ለአገልግሎት» በሚለው ከላኩ ግን እስከ 180 ቀን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የማያውቋት ሻጭ ከሆነች በዚህ መንገድ ልክፈልሽ ይበሏት። ክፍያው ለሚቆርጥባት ትንሽ ገንዘብ እርስዎ ቢጨምሩላት እንኳ ያዋጣዎታል።

አሁን ወደ 1,200 ዶላሩ። 24 በመቶ ማለት በወር 2 በመቶ ነው። ስለዚህ ከሚከፍሉት 40 ዶላር ውስጥ መጀመሪያ ላይ 24ቱ ወለድ ነው፤ ከዕዳው የሚነሣው 16 ብቻ ነው። የማይቀንስ የመሰለዎት ለዚህ ነው። በዚህ አካሄድ ዕዳው ወደ 46 ወር ይፈጃል፤ ወለዱ ብቻ ወደ 650 ዶላር ይደርሳል። በወር 100 ዶላር ቢያደርጉት በ14 ወር ያልቃል፣ ወለዱም ወደ 190 ዶላር ይወርዳል። የትኛውም ብላክ ፍራይደይ 460 ዶላር አይቀንስልዎትም። ለዚህ ነው የዘንድሮ የበዓል በጀት ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ካርድ ድርሻ ይስጥ የምለው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ከወር ወደ ወር ዕዳ የሚዞርበት ካርድ ላይ አዲስ ዕቃ ከገዙ ወለዱ በአብዛኛው ከገዙበት ቀን ይጀምራል። ሙሉውን ለሚከፍል ሰው የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ለእርስዎ የለም። ስለዚህ በዚያ ካርድ ለበዓሉ ምንም አይግዙበት። ሌላ ዕዳ የሌለበት ካርድ ካለዎት በሱ ይግዙና ሙሉውን ይክፈሉ። ኦንላይን ላይ ክሬዲት ካርድ ከዴቢት የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ካርዱን ሌላ ሰው ቢጠቀምበት በፌዴራል ሕግ ተጠያቂነትዎ ከ50 ዶላር አያልፍም። ያልደረሰ ዕቃም ቢሆን ሂሳቡ ከተላከልዎ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መከራከር ይችላሉ። ዴቢት ሲሆን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካላሳወቁ ኃላፊነቱ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ገንዘቡም እስኪጣራ ድረስ ከሂሳብዎ ወጥቷል። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሂሳብ ከሆነ አስቡት።

«አሁን ይውሰዱ፣ በአራት ይክፈሉ» የሚሉት፣ ክላርናና አፍተርፔይን የመሳሰሉት፣ በሰዓቱ ለሚከፍል ሰው ወለድ የላቸውም። ጣጣው ሲደራረቡ ነው። የመጀመሪያው ሲገዙ ይከፈላል፤ የቀሩት ሦስቱ በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጣሉ። በብላክ ፍራይደይ የገዙት የመጨረሻ ክፍያ የሚመጣው ልክ በገና ሰሞን ነው። አራት ዕቃ በዚህ መንገድ የወሰደ ሰው ዶሮ የሚገዛበት ገንዘብ ከሂሳቡ ወጥቶ ያገኘዋል። ሱቆች «ዛሬ የእኛን ካርድ ካወጡ 20 በመቶ ቅናሽ» ሲሉም አይቸኩሉ። የእነዚህ ካርዶች ወለድ ብዙ ጊዜ ከ30 በመቶ በላይ ነው። «ለ12 ወር ወለድ የለም» የሚለው የሱቅ ካርድ ደግሞ በ12ኛው ወር ትንሽ ቀሪ ከተገኘ የዓመቱን ወለድ ወደ ኋላ ሄዶ ሊያስከፍል ይችላል። ጥቃቅን ጽሑፉን ያንብቡ።

ማጭበርበሩን በአጭሩ ልንገርዎ። በበዓል ሰሞን «ጥቅልዎ ተይዟል፣ ትንሽ ክፍያ ይጎድላል» የሚል መልእክት ይበዛል። ሊንኩን አይንኩ፤ ያዘዙበትን አፕ ራስዎ ከፍተው ያጣሩ። በጊፍት ካርድ ክፈል የሚል ሻጭ ወይም «መሥሪያ ቤት» በሙሉ አጭበርባሪ ነው። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ በሩብ ዋጋ የሚያስተዋውቅ አዲስ ገጽ ካዩ ስሙን ጉግል ላይ ከፈለጉ በኋላ ብቻ ያስቡበት። ሻጭ እልካለሁ ባለው ቀን ካልላከ፣ ቀን ካልገለጸም በ30 ቀን ውስጥ ካልላከ፣ ሰርዘው ሙሉ ገንዘብዎን የመቀበል መብት አለዎት። ይህ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ነው።

የቀሩት እናትዎ ናቸው። ከዚህ ዕቃ ገዝቶ መላክ አብዛኛውን ጊዜ አይመከርም። የማድረሻው ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል፣ ቀረጥም ሊኖረው ይችላል። ገንዘብ መላኩ ይሻላል። ሲልኩ ግን «ያለ ክፍያ» የሚለው አያታልልዎት። ከጁላይ 2024 ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ፣ ከላኪ ላኪ ይለያያል። 200 ዶላር ሲልኩ ክፍያውን ሳይሆን እናትዎ እጅ የሚገባውን ብር በሁለት ሦስት አፕ ላይ አስገብተው ያወዳድሩ። ተመኑ ሲያንስ ነጻ የተባለው ላኪ ከሚያስከፍለው የባሰ ሊሆን ይችላል። ከቻሉ ደግሞ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ይግባላቸው። አዲስ አበባ ላይ ዶሮ፣ ዕንቁላልና ቅቤ የሚወደዱት በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። እሳቸው ቅቤውን ቀደም ብለው ከገዙ ያው 200 ዶላር ብዙ ያዘጋጅላቸዋል።